እቴጌ መባል ያልበቃት ሴት፦ ዉ ዘቲያን እና የቻይና ሦስቱ ትምህርቶች

ከቻይናዋ ሺአን ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድ ሲሉ የነገሥታት መቃብር ያለበት ተራራ አለ። ቺየንሊንግ ይባላል። ከመቃብሩ ፊት ለፊት፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትልልቅ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል። አንደኛው ላይ የሟቹ ንጉሥ ገድል ተጽፎበታል። ሁለተኛው ግን ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም ግዙፍ ድንጋይ ሆኖ ሳለ፣ ሲተከል አንዲት ፊደል እንኳ አልሰፈረችበትም። ባዶ ነው።

ያ ባዶ ድንጋይ የዉ ዘቲያን ነው። ቻይና ከ2 ሺህ ዓመት በላይ በንጉሠ ነገሥት ስትገዛ፣ በራሷ ስም ዙፋን ላይ የተቀመጠች ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት።

ዛሬ የእሷን ሕይወት እናወጋችኋለን። ግን ተራ የቤተ መንግሥት ድራማ አድርገን አይደለም። የዚህችን ሴት ሕይወት ስትከተሉ፣ ቻይናን የሠሯት ሦስት ትምህርቶች፣ ማለትም ኮንፊሺያኒዝም፣ ታኦይዝምና ቡድሂዝም፣ መንግሥት ውስጥ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። አንዱ በር ዘጋባት፣ አንዱ በር ከፈተላት፣ አንዱ ደግሞ በስተርጅና መሸሸጊያ ሆናት። መጨረሻ ላይ ያሸነፈው የቱ እንደሆነ አብረን እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

መጀመሪያ ሦስቱን እንተዋወቅ

ኮንፊሺየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረ መምህር ነው። ትምህርቱ ባጭሩ ሥርዓት ነው። ልጅ ለአባቱ፣ ሚስት ለባሏ፣ ሹም ለንጉሡ ይታዘዛል። በምላሹ ደግሞ አባትም ንጉሥም ደግ መሆን አለባቸው። ንጉሥ ከበደለ ሰማይ የሰጠውን ሥልጣን ይነጥቀዋል ተብሎ ይታመናል። ወንድ ልጅ ወላጆቹን በሕይወት ሳሉ መጦር ብቻ ሳይሆን፣ ከሞቱ በኋላም መስዋዕት እያቀረበ ማስታወስ አለበት። የሃን ሥርወ መንግሥት ይህን ትምህርት የመንግሥት ትምህርት አደረገው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ124 ሹማምንት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን ቻይና ውስጥ ሹመት ለሚፈልግ ሰው የኮንፊሺየስን መጻሕፍት ማጥናት ትልቅ መንገድ ሆነ።

ታኦይዝም ከላኦ ዙ ጋር የተያያዘ ነው። እሱ ደግሞ ነገሮችን አታስጨንቁ፣ ተፈጥሮ እንደሚሄደው ሂዱ ባይ ነው። ጥሩ ንጉሥ ማለት ብዙ የማይነካካ ንጉሥ ነው። በኋላ ግን ቤተ መቅደስ፣ ካህናት፣ አማልክት፣ ዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት ሁሉ ያለው ሙሉ ሃይማኖት ሆነ።

ቡድሂዝም እንግዳ ነው። ከህንድ ተነስቶ በነጋዴዎች መንገድ ቻይና የገባው በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ሰው ሞቶ ዳግም ይወለዳል፣ የዛሬ ሥራው የነገ ልደቱን ይወስናል ብሎ ያስተምራል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዚህ ሃይማኖት ዓይን የዛሬዋ ሴት በሌላ ልደቷ ሌላ ነገር ልትሆን ትችላለች። ለእኛ ባለታሪክ ትልቁ ቁልፍ ይህ ነው።

የነጋዴ ልጅ

ዉ የተወለደችው በ624 ገደማ ነው። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ታሪክ አላቆየልንም። ዉ የቤተሰቧ ስም ነው፣ ዘቲያን ደግሞ በመጨረሻ ዘመኗ ከተሰጣት ማዕረግ የመጣ ነው። አባቷ በእንጨት ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። በ618 የታንግ ሥርወ መንግሥት ሲመሠረት ከአሸናፊዎቹ ጎን ስለቆመ ሹመት አገኘ። በኮንፊሺየስ ተከታዮች ዓይን ነጋዴ ከገበሬ በታች ነው፣ ስለዚህ የትልልቆቹ ቤተሰቦች ልጆች እሷን ቁልቁል ነው የሚያይዋት። እናቷ ግን ከቀድሞው የሱዪ ነገሥታት ዘር የምትወለድ፣ አጥባቂ የቡድሃ አማኝ ነበረች። ልጅቷ ከእናቷ የወሰደችው ሃይማኖት በኋላ ምን እንደሚያደርግላት ያን ጊዜ ማን ያውቃል።

በ14 ዓመቷ ለንጉሥ ታይዞንግ ቤተ መንግሥት ተመረጠች። ዝቅ ያለ ማዕረግ ያላት ቁባት ሆነች፤ ከአሥር ዓመት በላይም እዚያው ኖረች። ልጅ አልወለደችለትም። ታይዞንግ በ649 ሲሞት፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ልጅ ያልወለዱ ቁባቶች ወደ ገዳም ተላኩ። እሷም ፀጉሯን ተላጭታ የቡድሃ መነኩሲት ሆነች። ዕድሜዋ ገና 25 አካባቢ ነው። በቃ፣ ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። አዲሱ ንጉሥ ጋኦዞንግ የሟቹ ልጅ ነው። አባቱን ለማሰብ ዕጣን ሊያጥን ገዳሙ ሲሄድ አገኛት፣ ሁለቱም እንዳለቀሱ መዛግብት ይነግሩናል። እቴጌዋ ዋንግ ይህን ሰማች። ንጉሡ ከሌላ ቁባቱ ከሺያኦ ጋር ፍቅር ይዞት ስለነበር፣ ዋንግ ተቀናቃኟን ለማስጣል ብላ መነኩሲቷ ተመልሳ እንድትመጣ ራሷ ገፋፋች። እሳትን በእሳት አጠፋለሁ ብላ ቤቷን አቃጠለች ማለት ይቻላል።

የአባትን ቁባት ልጅ ማግባት በኮንፊሺየስ ትምህርት ትልቅ ነውር ነው። በመሃል ያለው የገዳም ቆይታ ግን ነገሩን ሸፈን አደረገው። መነኩሲት ያለፈ ሕይወቷን ትታለች ይባላላ። ገዳሙ ለዉ ቅጣት ተብሎ ነበር፤ ድልድይ ሆነላት።

ደም ያለበት መሰላል

በ654 ዉ የወለደቻት ሕፃን ሴት ልጅ ሞተች። ጥፋቱ በእቴጌ ዋንግ ላይ ተላከከ። ልጇን ራሷ አንቃ ገድላ እቴጌዋን ወነጀለች የሚል ታሪክም አለ። ይሄን ታሪክ ስታነቡ ግን አንድ ነገር አስታውሱ። የሚነግሩን መጻሕፍት የተጻፉት ከሞተች ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጸሐፊዎቹም በኮንፊሺየስ ትምህርት ያደጉ፣ ሴት ዙፋን ላይ መቀመጧን እንደ መቅሰፍት የሚያዩ ሹማምንት ናቸው። እኛ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ እንደምንለው፣ እነሱም ጋ አስተሳሰቡ ያው ነበር። ስለዚህ የሚሉትን ሁሉ እንዳለ መዋጥም፣ ሁሉንም ውሸት ብሎ መጣልም አይቻልም።

በ655 ንጉሡ ዋንግን ሽሮ ዉን እቴጌ ሊያደርግ ሲነሳ ትልልቆቹ አማካሪዎች ተቃወሙ። ቹ ሱዪሊያንግ የተባለው ሹም ግንባሩ እስኪደማ ድረስ ወለሉ ላይ ራሱን እየመታ ለመነ። ክርክሩ ግልጽ ነው፤ ይህች ሴት የአባትህ ነበረች፣ ዓለም ሁሉ ያውቃል አለ። ሊ ጂ የተባለ የጦር አዛዥ ግን ይሄ የንጉሡ የቤት ጉዳይ ነው፣ የውጭ ሰው ምን አገባው አለ። ንጉሡም የፈለገውን መልስ አገኘ።

ዉ እቴጌ ሆነች። ዋንግና ሺያኦ በጭካኔ ተገደሉ። ሺያኦ ስትሞት በሚቀጥለው ልደቷ ድመት፣ ዉ ደግሞ አይጥ ሆና እንድትወለድ ተራግማለች ይባላል። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ድመት ማሳደግ ተከለከለ። ዳግም መወለድ የሚለው የቡድሃ ትምህርት ያን ዘመን ሰው አጥንት ውስጥ ምን ያህል እንደገባ በዚህ ታውቃላችሁ። ተቃዋሚዎቹ አማካሪዎችም ተራ በተራ ተሰደዱ፣ አንዳንዶቹም እዚያው በስደት አለፉ።

ሁለቱ ጠቢባን

ከ660 ጀምሮ ጋኦዞንግ ታመመ። ራሱን ያዞረዋል፣ ዓይኑ አልይ ይላል። ጉዳዮችን እቴጌዋ ማየት ጀመረች። ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ የመንግሥትን ስብሰባ ትከታተላለች፣ ውሳኔው የእሷ ነው። ሕዝቡ ሁለቱን በአንድነት ሁለቱ ጠቢባን ብሎ ይጠራቸው ጀመር።

በ666 ሁለቱ ወደ ታይ ተራራ ወጡ። ይህ የሰማይና የምድር መስዋዕት የሚቀርብበት፣ ጥቂት ነገሥታት ብቻ የደፈሩት ታላቅ በዓል ነው። ዉ እዚህ ጋ ብልሃቷን አሳየች። የምድር መስዋዕት ላይ የሚታሰቡት የቀድሞ እቴጌዎች ስለሆኑ፣ ወንድ ሹማምንት ከሚያቀርቡት ሴቶች ቢያቀርቡት ለሥርዓቱ ይስማማል ብላ ተከራከረች። የራሳቸውን ሕግ መልሳ እነሱ ላይ ተጠቀመችበት! ተሳካላትም።

ከተራራው ሲመለሱ የሄዱበት መንገድ ደግሞ የዘመኑን ፖለቲካ በአንድ ካርታ ያሳያል። መጀመሪያ የኮንፊሺየስ የትውልድ ከተማ ቹፉ ገብተው ለመምህሩ ከሞት በኋላ የክብር ማዕረግ ሰጡ። ቀጥለው የላኦ ዙ ቤተ መቅደስ ሄደው እሱንም በንጉሠ ነገሥት ማዕረግ አከበሩት። ለምን መሰላችሁ? የታንግ ነገሥታት የቤተሰብ ስም ሊ ነው፤ የላኦ ዙም የቤተሰብ ስም ሊ ነው ይባል ስለነበር የእሱ ዘር ነን ይላሉ። በ637 ታይዞንግ የታኦ ካህናት ከቡድሃ መነኮሳት እንዲቀድሙ በአዋጅ የወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው። እምነት ብቻ ሳይሆን የዘር ሐረግ ማረጋገጫ ነው።

በ674 ዉ አሥራ ሁለት ነጥብ ያለው ሐሳብ ለባሏ አቀረበች። ግብር ይቀነስ፣ እርሻ ይበረታታ፣ ወታደር ይቀነስ፣ ሹማምንት ሁሉ የላኦ ዙን መጽሐፍ ያጥኑ የሚሉ ነበሩበት። ከሁሉም የምትገርመን ግን ይህች ናት፤ እስከዚያ ድረስ አባት በሕይወት እያለ እናት ብትሞት ልጅ የሚያዝነው አንድ ዓመት ነው፣ ለአባት ግን ሦስት ዓመት። እሷ ለእናትም ሦስት ዓመት ይሁን አለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ኮንፊሺያኒዝም ውስጥ የሐዘን ቀን ቁጥር ማለት የሰው ክብር መለኪያ ነው። የእናትን ዋጋ ከፍ ማድረጊያው መንገድ እሱ ነበር።

በዚሁ ጊዜ ከሉዎያንግ ከተማ አጠገብ በሎንግመን ገደል ላይ ከ17 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የቡድሃ ምስል ከአለቱ ተፈልፍሎ ይሠራ ነበር። ለዚያ ሥራ ከመዋቢያ ገንዘቧ 20,000 ጥቅል የመዳብ ሳንቲም ሰጠች። በ675 ተጠናቀቀ። ፊቱ የእሷ ነው የሚል አፈ ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። ምስሉ አሁንም አለ፣ ቱሪስት ፎቶ ይነሳበታል።

እንግዲህ አያችሁ፣ ለሦስቱም ድርሻቸውን ትሰጣለች። የአገሪቱም ሰው እንዲሁ ነበር። ቢሮ ሲገባ የኮንፊሺየስ፣ ሲታመም የታኦ፣ ሰው ሲሞትበት የቡድሃ። አንዱን መርጦ ሌላውን መካድ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም።

መጋረጃው ሲገለጥ

ጋኦዞንግ በ683 ሞተ። አንዱ ልጇ ነገሠ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው አወረደችው። ሌላውን ልጇን አስቀመጠች፣ እሱ ግን ለስሙ ነው። በ684 ያንግዡ ላይ አመፅ ተነሳባት። ዓመፀኞቹ እሷን እያዋረዱ የጻፉት አዋጅ ሲነበብላት፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሰው እስካሁን ያልተሾመው በአማካሪዎቿ ጥፋት ነው ብላ አዘነች ይባላል። አመፁን ግን ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ደመሰሰችው።

ከዚያ የፍርሃት ዘመን መጣ። በ686 አራት ክፍል ያለው የነሐስ ሳጥን አቆመች፤ ማንም ሰው ቅሬታም ጥቆማም ይከታል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ የሕዝብን ድምፅ መስማት። ወዲያው ግን የጠቋሚዎች መሣሪያ ሆነ። ላይ ጁንቼን የመሳሰሉ ጨካኝ መርማሪዎች በሐሰት ክስ ብዙ ቤተሰብ ጨረሱ። የታንግ ልዑላን በ688 ሲያምፁ እነሱም አለቁ። ይህን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ግማሽ ታሪክ ነው የሚሆነው።

አሁን አንድ ችግር ቀረ። ጉልበቱ አላት፤ ግን በምን ሕግ ትንገሥ? የኮንፊሺየስ መጻሕፍት ለሴት ንጉሠ ነገሥት ቦታ የላቸውም። ታኦይዝም ደግሞ የባሏ ቤተሰብ፣ የሊዎች ነው። የቀረው ቡድሂዝም ነው።

መነኮሳት ታላቁ ደመና የሚባል የቡድሃ መጽሐፍ ይዘው መጡ። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት አምላክት ወደፊት ሴት ሆና ተወልዳ አገር እንደምትገዛ ይተነበያል። መነኮሳቱ በጻፉት ማብራሪያ ያቺ ሴት ዉ ናት፣ እንዲያውም ወደፊት ይመጣል የሚባለው ቡድሃ ማይትረያ ራሱ በእሷ ተገልጿል አሉ። በ690 መጽሐፉ በአገሪቱ እንዲሰራጭ፣ በየአውራጃው የታላቁ ደመና ገዳም እንዲቋቋም አዘዘች። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከ65 ዓመት በላይ ሆኗት ነገሠች። እቴጌ ተብላ አይደለም። የወንዶቹን ማዕረግ፣ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ራሱን ወሰደች። ሥርወ መንግሥቷን ዡ አለችው። ይህ ኮንፊሺየስ ራሱ የሚናፍቀው የጥንቱ መንግሥት ስም ነው። አያችሁ አይደል፣ ዙፋኑን በቡድሂዝም ወሰደችው፣ ስሙን ግን ከኮንፊሺየስ ሰዎች ተበደረች። ለራሷም አዲስ ፊደል ተፈጠረላት፤ ፀሐይና ጨረቃ ከሰማይ በላይ ሆነው የሚታዩበት፣ ዣኦ የሚነበብ ስም። በ691 ደግሞ አዋጁ ተገለበጠ፤ የቡድሃ መነኮሳት ከታኦ ካህናት ይቅደሙ ተባለ።

ፈተና፣ ሥጋና አንድ ጨዋ ሰው

ሥልጣኗን ለማጽናት ሌላም ነገር አደረገች። የመንግሥት ሠራተኛ መመረጫው ፈተና ከእሷ በፊት ነበር፤ ግን የሚያልፉት ጥቂት፣ የሚሾሙትም በአብዛኛው የትልቅ ቤት ልጆች ናቸው። እሷ በሩን ሰፋ አደረገችው። ሰው ራሱን ዕጩ አድርጎ እንዲያቀርብ ፈቀደች፣ በ690 ተፈታኞችን ቤተ መንግሥት ውስጥ ራሷ ፈተነች፣ በ702 የወታደራዊ ሙያ ፈተና ጀመረች። የትልልቆቹ ቤተሰቦች ጠላቶቿ ስለነበሩ፣ ለእሷ ብቻ ባለውለታ የሆኑ አዲስ ሰዎች ያስፈልጓት ነበር። ዓላማው ፖለቲካ ነው፤ ውጤቱ ግን ከእሷ ዕድሜ በላይ ኖረ። ያሳደገቻቸው እንደ ያኦ ቾንግና ሶንግ ጂንግ ያሉ ሹማምንት በኋላ በልጅ ልጇ በሹዋንዞንግ ዘመን አገሪቱን ወደ ከፍታዋ ያደረሷት ሰዎች ናቸው።

ልብ በሉ፣ ፈተናው የኮንፊሺየስ መጻሕፍት ፈተና ነው። እሷን አትነግሺም ያላት ትምህርት ማለት ነው። ያለ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አገር ማስተዳደር አትችልም። ግብር የሚሰበስበው፣ ዳኝነት የሚሰጠው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው በሙሉ በዚያ ትምህርት ያለፈ ሰው ነው።

የቡድሂዝሙ ነገርስ? በ692 በአገሪቱ እንስሳ ማረድና ዓሣ ማጥመድ ተከለከለ። ሕይወት አትግደሉ ነው ትምህርቱ። ግን ድርቅ በመታው በያንግዜና በሁዋይ ወንዞች አካባቢ ሰው ዓሣ እንኳ ማጥመድ ስላልቻለ በረሃብ አለቀ። የመሪ ጽድቅ በድሃ ሆድ ላይ ሲወራረድ እንዲህ ነው።

በዚሁ ክልከላ ጊዜ የሆነ አንድ ገጠመኝ ይነገራል። ዣንግ ደ የተባለ ሹም ወንድ ልጅ ተወለደለትና በድብቅ በግ አርዶ ባልደረቦቹን ጋበዘ። አንዱ እንግዳ ከበላ በኋላ ሥጋ ያለበትን ቁራሽ ደብቆ ይዞ ወጣና ከሰሰው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቷ በሹማምንት ፊት ለዣንግ ደ እንኳን ደስ አለህ ካለችው በኋላ ሥጋውን ከየት እንዳገኘው ጠየቀችው። ሰውዬው ወድቆ ይቅርታ ለመነ። እሷ ግን ሐዘንና ደስታ ክልከላው ውስጥ እንደማይገቡ ነግራው፣ ለወደፊቱ እንግዳ ሲጠራ እየመረጠ እንዲሆን መከረችው። ከዚያ የክስ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው። ያ ጠቋሚ ባልደረባው የሚገባበት ጠፋው።

ክልከላው የተነሳው በ700 ነው።

ማን ያስታውስሻል?

ሉዎያንግ ላይ ከኮንፊሺየስ መጻሕፍት የተወሰደ የሥርዓት አዳራሽ አሠርታ ነበር። ከኋላው ደግሞ ግዙፍ የቡድሃ ምስል ያለበት ሕንፃ ቆመ። በ695 ሁለቱም ተቃጠሉ። እሳቱን የለኮሰው ሹዌ ሁዋዪ የተባለው ወዳጇ መነኩሴ ራሱ ነው፣ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ በቅናት። እሷም ብዙም ሳትቆይ ማይትረያ የሚለውን መለኮታዊ ማዕረግ ከስሟ ላይ አነሳች።

ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ትልቁ ጥያቄ መጣ፤ ማን ይውረስ? የወንድሟ ልጅ ዉ ቼንግሲ ዙፋኑ ለዉ ቤተሰብ ይገባል ይላል። ለእሱ ከሰጠችው ሥርወ መንግሥቷ ይቀጥላል። ለልጇ ከሰጠችው ግን ልጇ የአባቱን የሊን ስም ነው የተሸከመው፣ ታንግ ይመለሳል፣ የእሷ ዡ ያከትማል።

እዚህ ላይ ዲ ረንጂዬ ገባ። ዛሬ በመርማሪ ዲ ፊልሞች የምታውቁት ሰውዬ እሱ ነው፣ በእውን የኖረ ሹም። በ692 በሐሰት ተከሶ ከሞት የተረፈ፣ በኋላ ግን ከማንም በላይ የምታከብረው የኮንፊሺየስ ሰው። የእሱ ክርክር አጭር ነበር። ልጅ ለእናቱ በአባቶች ቤተ መቅደስ መስዋዕት ያቀርባል፤ የወንድም ልጅ ግን ነግሦ ለአክስቱ መስዋዕት ያቀረበበት ጊዜ ተሰምቶ አያውቅም አላት። ማለትም ለወንድምሽ ልጅ ከሰጠሽ፣ ከሞትሽ በኋላ ነፍስሽን የሚያስታውስ የለም።

ይህቺን ሴት ጦር አላስቆማትም። አዋጅ አላስቆማትም፣ አማካሪዎች ግንባራቸውን ቢያደሙ አላስቆማትም። ይህ ጥያቄ ግን አስቆማት። ትንቢት ዙፋን ላይ አስቀምጧታል፣ ስትሞት የዕጣን ጭስ የሚያጨስላት ግን ትንቢት አይደለም፣ ልጅ ነው። በ698 ያወረደችውን ልጇን ከግዞት አስመጥታ አልጋ ወራሽ አደረገችው።

ዲ ረንጂዬ በ700 ከመሞቱ በፊት ሌላም ነገር አስቆማት። ግዙፍ የቡድሃ ምስል ለማሠራት መነኮሳት በሙሉ ገንዘብ እንዲያዋጡ ልታዝዝ ነበር። እሱ ገዳማቱ ከቤተ መንግሥት በላይ እያማሩ መሆኑን፣ ሥራውን የሚሠሩት አጋንንት ሳይሆኑ ላቡን የሚያፈስ ሕዝብ መሆኑን ነገራት። ሰማችው፣ ሥራው ቆመ።

በዚያው በ700 ታምማ ዳነች። በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ወደ ሶንግ ተራራ መልእክተኛ ላከች፣ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን የወርቅ ሰሌዳ አስይዛ። ተራራው ላይ የተተወው ያ ሰሌዳ የታኦ አማልክት ስሟን ከኃጢአት መዝገብ እንዲፍቁላት የሚለምን ነው። በ1982 አንድ ገበሬ ተራራው ላይ አገኘው፤ ዛሬ በሄናን ሙዚየም ይታያል። ብዙ ሰው ያስገደለች፣ ዓለም አምላክ ናት ያላት ሴት፣ በስተርጅና የባሏ ቤተሰብ ሃይማኖት ጋ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች።

ባዶው ድንጋይ

በ705 መጀመሪያ ላይ፣ ታምማ አልጋ ላይ እያለች፣ ዣንግ ጂየንዢ የተባለ ሽማግሌ ሹም የመራው ቡድን ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ ገባ። ሁለቱን ወጣት ወዳጆቿን፣ የዣንግ ወንድማማቾችን፣ ገደሉ። ልጇ ነገሠ፣ ታንግ ተመለሰ። እሷ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሞተች፤ ዕድሜዋ 80 አልፏል።

ኑዛዜዋ ላይ ንጉሠ ነገሥት የሚለው ማዕረጓ ቀርቶ እቴጌ ተብላ እንድትጠራ፣ ከባሏ ጎን እንድትቀበር፣ ከ50 ዓመት በፊት ያጠፋቻቸው የዋንግ፣ የሺያኦና የቹ ሱዪሊያንግ ቤተሰቦችም ምሕረት እንዲያገኙ አዘዘች። በ706 ቺየንሊንግ ውስጥ ተቀበረች። ሚስት ሆና፣ እናት ሆና። መጀመሪያ ላይ በር የዘጋባት ትምህርት በመጨረሻ ተቀበላት፤ በራሱ ዋጋ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ለእኛ የሚታየን እንዲህ ነው። ቡድሂዝም ዙፋን ላይ ያወጣል፣ ታኦይዝም ፍርሃትን ያስታግሣል፤ ቢሮውን፣ ቤተሰቡንና መቃብሩን የያዘው ግን ኮንፊሺያኒዝም ነው። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ትምህርት ንጉሥ ቢቀየርም አይወድቅም። እሷ ግን ዝም ብላ አልተሸነፈችም። ከእሷ በኋላ የፈተናው በር እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አልሄደም፣ የእናት ሐዘንም እንደ አባት ሐዘን ይቆጠር የሚለው ጥያቄ አንዴ ተነስቷል።

ድንጋዩ ለምን ባዶ ሆነ? አንዳንዱ ታሪኳ በቃላት አይገለጽም ማለቷ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ኃጢአቷ በዝቶ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ፍርዱን ለመጪው ትውልድ ትታ ነው ይላል። በኋላ ዘመን ያለፉ መንገደኞች ግን ባዶ መሆኑን አልቻሉትም፤ ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት እነሱ የቀረጹት ጽሑፍ አለበት። የአንዲት ሴት ባዶ ቦታ ላይ የሌሎች ሰዎች ቃል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፉበት ነበር? አስተያየት መስጫው ላይ እንጠብቃችኋለን።